ትኩሳት ሲጠና፦ ከባድ ኢንፌክሽንን ለይቶ በትክክለኛ አንቲባዮቲክ ለማከም ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ

ደሴ ላይ አንድ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚወቀሰው ብርዱ ነው። «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ጋቢ ይደረብለታል፣ ዳማከሴ ይታሽለታል። ካልተሻለው አንዱ ልጅ ገንዘብ ይዞ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ደግሞ ተጠርጣሪው ወባ ነው። ሁለቱም ግምት የሚይዝበት ጊዜ አለ። ሳይዝ ሲቀር ግን ሰዓት ይባክናል። ከባድ ኢንፌክሽን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይጥላል።

እኔ እንደማየው ችግራችን ሁለት መልክ ያለው አንድ ችግር ነው። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ እንውጣለን። ለሳንባ ምች ደግሞ ያንኑ ካፕሱል አምነን ከሆስፒታል እንዘገያለን። ስለዚህ እዚህ የመድኃኒት ስም ወደ ኋላ ይቆያል። መጀመሪያ ሰውየው ምን ያህል እንደታመመ እንይ።

ደረጃ 1፦ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ትኩሳቱን ለኩ

ከሁሉም በፊት ትንፋሽ። መሣሪያ አይፈልግም፤ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ልጅ ከሆነ ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አትቁጠሩ። ሲረጋጋ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያላችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሆንም። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ፈጣን የሚባለው በዕድሜ ይለያያል፦

- ከ2 ወር በታች፦ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ
- ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 እና ከዚያ በላይ
- ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ
- አዋቂ፦ 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስባል

ስትቆጥሩ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለውንም ተመልከቱ። ልጁ አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው እየታገለ ነው። ይህን ያየ ቤተሰብ ሌላ ምልክት መጠበቅ የለበትም።

ትኩሳት በእጅ መዳፍ አይለካም። የእጃችሁ ሙቀት ራሱ ይዋሻል፤ ደሴ በክረምት ማለዳ ደግሞ ይብሳል። ብብት ውስጥ የሚገባ ዲጂታል ቴርሞሜትር ፋርማሲ ይገኛል። ብብት ላይ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት በሉት። ትኩሳት አለመኖሩ ግን ዋስትና አይደለም። አራስ ሕፃን፣ አዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ክፉኛ ታሞ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የታመመ ሰው ከ36 በታች ሲወርድ 39 ካሳየው እኩል ያስፈራል።

በጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ቤታችሁ ካለች ተጠቀሙባት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጤነኛ ሰውም ላይ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከ90 በታች ሲሆን ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አስቸኳይ ነው።

ያገኛችሁትን ከሰዓቱ ጋር ጻፉት። «ትላንት ማታ 2 ሰዓት ላይ 38.9 ነበር» የሚል ወረቀት ለሐኪሙ «በጣም ሲያቃጥለው ነበር» ከሚለው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 2፦ ቀይ ምልክቶቹን ለዩ

ኢንፌክሽን ከነበረበት ቦታ አልፎ ሰውነት ለሱ የሚሰጠው ምላሽ ራሱ የሰውየውን ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎል መጉዳት ሲጀምር ሴፕሲስ ይባላል። በተለምዶ «ደም መመረዝ» የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰው በሴፕሲስ እንደታመመና 11 ሚሊዮን እንደሞተ ተገምቷል። መነሻው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፦ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእግር ቁስል፣ የተበላሸ ጥርስ።

አዋቂ ላይ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ያ ሰው የፋርማሲ ሕመምተኛ አይደለም፦

- ንግግሩ መዘባረቅ፣ ቤተሰቡን ማምታታት፣ ወይም ለመንቃት እምቢ ማለት
- ትንፋሹ መቆራረጥ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ አለመቻል
- ከጠዋት እስከ ማታ ሽንት አለመሽናት
- እጅና እግሩ መቀዝቀዝ፣ ከንፈሩ መጥቆር ወይም ቆዳው መዥጎርጎር
- አልጋ የሚነቀንቅ መንዘፍዘፍ
- ቆሞ መሄድ አቅቶት ራሱን መሳት
- ከትኩሳት ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መፍራት። ይሄ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሽፍታ ካለበት ደግሞ ደቂቃ አታባክኑ።

በመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን እሱ ነው። አባባ ሰማንያ ዓመታቸው ነው እንበል። ትኩሳት የላቸውም፤ ሳልም የለም። ከትላንት ጀምሮ ግን ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠራሉ፤ ምሳም አልበሉም። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። እርጅና በአንድ ቀን አይመጣም። አዛውንት ላይ ድንገተኛ ግራ መጋባት የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ልጅ ላይ አራት ነገር ያዙ፦ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የገባውን ሁሉ ማስመለስ፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም አለመንቃት። ከአራቱ አንዱ ይበቃል። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ካተኮሰው፣ ከቀዘቀዘ፣ ጡት ካልያዘ ወይም ካልነካኩት በቀር ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ሰዓት ይወሰድ። «እስኪነጋ እንይ» አይሠራም።

አራስ እናትም እንዲሁ። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተነሱ። እንግዳው በዝቷል፣ ገንፎው አልተበላም ተብሎ የሚጠበቅበት አይደለም። እርጉዝ ሴት፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰውም ከሌላው ሰው ፈጥኖ መታየት አለበት።

ደረጃ 3፦ የት እንደምትሄዱ ወስኑ

ቀይ ምልክት ከሌለ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ጤና መድህን ያላችሁም መንገዱ በዚያ በኩል ነው። ቀይ ምልክት ካለ ግን ሪፈር ፍለጋ አትመላለሱ፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ካርዱን አንዱ ዘመድ ያወጣል፤ ሕመምተኛው ሰልፍ ላይ አይቆምም። ገንዘብ አልያዘም ተብሎ ድንገተኛ ሕመምተኛ ሊመለስ አይገባም።

ደሴ ውስጥ ያለ ሰው የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለለት፤ በኩታበር በኩል ያለው ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይቀርበዋል። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ ወይም ከዚያ በታች ካላችሁ አንድ ነገር አስቡ። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ በክረምት ጉሙ ሲወርድ መኪና ይንፏቀቃል። ትንፋሹ የከበደን ሰው ኦክስጅን በሌለው ሚኒባስ ያን ዳገት ማስወጣት አደጋ ነው። መጀመሪያ እዚያው ቅርብ ያለ ጤና ተቋም ግቡ። ግሉኮስና ኦክስጅን ይጀመርለት፣ የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ ይሰጠው። ከዚያ በአምቡላንስ ይውጣ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሌላም የሰፈራችሁን ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሾፌር ስልክ ከሕመም በፊት ያዙ፤ በሌሊት የሚያነሳው እሱ ነው።

እስክትደርሱ ድረስ፦ የፈዘዘን ሰው አታብሉት፣ አታጠጡት፤ ወደ ጎን አስተኙት። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ትኩሳቱን ለማስታገስ ፓራሲታሞል ይቻላል። ሕፃኑ መጥባት ከቻለ ይጥባ። ከመሳቢያ የተገኘ የቆየ አንቲባዮቲክ ግን አትስጡ። ሐኪሙ ኋላ የሚያዘውን የደም ምርመራ ውጤት ያደበዝዘዋል።

ደረጃ 4፦ ሳትደብቁ ተናገሩ

ሐኪሙ ፊት የምንደብቀው ነገር አለን። ፋርማሲ ገዝተን የዋጥነውን፣ ጎረቤት የሰጠንን፣ «ጠንቋይ ቤት ሄደዋል» እንዳንባል የቀባነውን። ማንም አይቀጣችሁም። የዋጣችሁትን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱ። ስሙን ማስታወስ አይጠበቅባችሁም።

ሌላው የጉዞ ታሪክ ነው። ሕመምተኛው ባለፉት ሳምንታት ወደ ባቲ፣ ከሚሴ ወይም አፋር ወርዶ ከነበረ ወባ መመርመር አለበት፤ ደሴ ከተማ ውስጥ ቢኖርም። ሾፌሮችና ነጋዴዎች ይሄን ሳይጠየቁ አይናገሩም። በተጨማሪ ከዚህ በፊት መርፌ ወይም ኪኒን አሳክኮት ወይም ፊቱን አሳብጦት ከሆነ፣ እርግዝና ካለ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ ተናገሩ።

ደረጃ 5፦ ምርመራውን ተረዱት

ትኩሳት ያለበት ሰው ከቆላ ከመጣ ወይም ኮምቦልቻና ቃሉ አካባቢ ከሆነ የወባ ምርመራ ቅድሚያ አለው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወቅቱ ነው። ወባ በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ባክቴሪያም በወባ መድኃኒቱ በኮአርተም አይድንም። ውጤቱ ወባ የለም ካለ «ለማንኛውም ልውሰደው» አትበሉ። ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

አሁን ወደ ታወቀችው ወረቀት እንምጣ። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ የወሎ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚባለው ዊዳል እና ዌል ፌሊክስ በሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች ነው። ሁለቱም ጀርሙን አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሰውነት የሠራውን የመከላከያ አሻራ ነው። ያ አሻራ ከዓመታት በፊት ከያዛችሁ ታይፎይድ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ጀርም ጋርም ይምታታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ፖዘቲቭ» መሆኑ ብቻውን ዛሬ ታመሃል አያሰኝም። ራስ ምታትና ድካም ብቻ ያለው፣ ትኩሳት የሌለው ሰው በዚያች ወረቀት ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ) ታዞለት ሲወጣ እኔ አልወድም። ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ውጤት ከምልክቴ ጋር ይገጥማል? ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር አለ?» በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስቆጣም። እውነተኛው ታይፎይድ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ሲቆይም አንጀት እስከ መብሳት የሚደርስ በሽታ ነው። እርግጡን የሚናገረው ካልቸር ነው።

ካልቸር ማለት ደምን ወይም ሽንትን ጀርም በሚያድግበት ነገር ላይ አስቀምጦ ምን እንደሚበቅልና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት ነው። ቀናት ይወስዳል። ተቋሙ ካልቸር የሚሠራ ከሆነና ሕመሙ ከባድ ከሆነ ደሙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ናሙና ፍለጋ ግን መርፌውን ማዘግየት የለበትም።

ደረጃ 6፦ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለዩ

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ነው የሚገድለው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው። ንፍጡ አረንጓዴ መሆኑ ምንም አይለውጥም። የልጅ ውሃ የመሰለ ተቅማጥም ባብዛኛው አንቲባዮቲክ አይሻም፤ ኦ.አር.ኤስ. እና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ነው መድኃኒቱ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲሆን ግን ይመርመር።

ጉሮሮ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ልጁ ሳል የለውም፣ ያተኩሰዋል፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል አለ፣ የአንገቱ እጢ አብጦ ያመዋል እንበል። ያኔ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ያልታከመ እንደሆነ ቆይቶ የልብ በር የሚያበላሽ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች የምታውቁ ከሆነ መነሻው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መፍትሔው የታዘዘው ቀን እስኪሞላ የሚወሰድ የፔኒሲሊን ዘር መድኃኒት ነው፤ እንጥል ማስቆረጥ ፈጽሞ አይደለም። መቁረጡ ደም መፍሰስና ቴታነስ ሊያመጣ ይችላል።

የያዘ መግል ደግሞ በኪኒን ብቻ አይለቅም። እብጠቱ በንጹሕ መሣሪያ በባለሙያ መከፈት አለበት። የጥርስም እንዲሁ። ፊት ያሳበጠና አፍ መክፈት የከለከለ ጥርስ ቀይ ምልክት ነው።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይመርመር። እዚህ ላይ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የሱ ዘመዶች አደገኛ ናቸው። የቲቢን ምልክት ለጊዜው ያበርዱና በሽታው ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋሉ። የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው። መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ ይታከማል።

ደረጃ 7፦ ሆስፒታል ስትገቡ የቤተሰብ ድርሻ

በሴፕሲስ ደም ግፊቱ የወረደ ሰው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ከዚያ ጎን ለጎን ፈሳሽ፣ ኦክስጅን፣ መግል ካለም ማውጣት ይከተላል። መጀመሪያ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመታ መድኃኒት ይሰጣል፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ውጤት ሲመጣና ሕመምተኛው ሲሻለው የተገኘውን ባክቴሪያ ለይቶ ወደሚመታ መድኃኒት ወይም ወደሚዋጥ ይቀየራል። ይሄ ሲሆን ቤተሰብ ይከፋዋል፦ «ከመርፌ ወደ ኪኒን አወረዱን» ይላል። አብሽሩ። መሻሉን የሚያሳይ ነው። መርፌ ከኪኒን ስለሚያም አይበልጥም።

መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ከውጭ ግዙ የምትባሉበት ጊዜ አለ። ያኔ ፈጣን እግር ያለውን ላኩ። ማዘዣው ላይ ያለው ስምና መጠን ሳይለወጥ ይምጣ። ፋርማሲው «የሱ ተመሳሳይ አለ» ካለ እዚያው ሆናችሁ ለሐኪሙ ደውሉ። ሲመጣም ለነርሷ አስረክቡና «እህቴ፣ የመጀመሪያው ተሰጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጣዩ ዶዝ ስንት ሰዓት እንደሆነም እወቁ። ሥራ በበዛበት ዋርድ ይሄ ጥያቄ ዋጋ አለው።

ገላው ላይ ቅማል ያለበትና ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለስበት ሰው አገርሺ ትኩሳት ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ዶዝ ነው። ነገር ግን ከወሰደ ከሰዓታት በኋላ በኃይል ሊንቀጠቀጥና ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ተቋም ውስጥ እየታየ ይሰጠው፤ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትወስዱት

ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አራት ነገር ጠይቁ፦ ስሙ ማን ነው፣ ለምንድነው፣ በስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን። መልሱን ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ያስጽፉ።

*ሰዓቱ።* በቀን ሦስቴ ሲባል ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማለት አይደለም። በየ8 ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ብትይዙት አይረሳም። በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 1 እና ማታ 1። አንድ ቢያመልጣችሁ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ውሰዱ። የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ደርባችሁ አትውጡ።

*ጾም።* ይሄ ወሎ ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። በረመዳን በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድን መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሁር መሃል ማጨቅ አይሠራም። ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሩኽሳ (እንዳይጾም የሃይማኖቱ ፈቃድ) አለው፤ ቀኑን ኋላ ይከፍላል። የኦርቶዶክስ ጾመኛም እስከ 9 ሰዓት ብሎ የጠዋቱን ኪኒን ሲያዘገይ መጠኑ ይጓደላል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ሐኪሙን አስቀድማችሁ «እየጾምኩ ነው» በሉት፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ አማራጭ ሊኖር ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይጠመቅ። ማቋረጥ አያስፈልግም።

*ጫት።* የጫት ታኒን አምፒሲሊን፣ በመጠኑም አሞክሳሲሊን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። መቃም ካልቀረ መድኃኒቱን ከበርጫ በፊት ውሰዱ፤ ካልሆነ ከጨረሳችሁ ሁለት ሰዓት ይለፍ። በሕመም ቀን ባይቃም ይሻላል፤ ምግብና እንቅልፍም ይዘጋል።

*ወተትና የደም ማነስ ኪኒን።* ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮ ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከአይረን ኪኒን ጋር አይዋጡም። በብዙ ውሃ ዋጡ። ዶክሲ ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ለእርጉዝ ሴት ሁለቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም። ሜትሮኒዳዞል የተባለውን መድኃኒት ስትወስዱ ጠላም አረቄም ይቅር።

*የልጅ ሽሮፕ።* ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ይበጠበጣል። በየጊዜው ይነቅነቅ። የሚለካው አብሮ በመጣው ማንኪያ ወይም ሲሪንጅ ነው። የሻይ ማንኪያችን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ከሌለ ብዙዎቹ ከ7 ቀን አያልፉም፤ ማሸጊያውን እዩ።

*ማብቂያ ቀን።* ካርቶኑ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። የእኛን ዓመተ ምሕረት በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ካለፈ ዓመታት የሆነውን መድኃኒት «ገና ብዙ ይቀረዋል» ብሎ ሊውጠው ይችላል።

*ለስንት ቀን።* የታዘዘላችሁን ያህል። ድሮ ሁሉም ረጅም ነበር። አሁን ለብዙ ኢንፌክሽን አጭሩ በቂ መሆኑ ታውቋል፤ ለልጅ ቀላል የሳንባ ምች 5 ቀን ይሰጣል። ስለዚህ «5 ቀን ብቻ?» ብላችሁ አትጨምሩ። ሲሻላችሁም በራሳችሁ አትቁረጡ። ባክቴሪያ መድኃኒት ሲላመድ የሚያስከትለው ሞት ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰው ሞት ምክንያት እንደሆነ ተገምቷል።

ደረጃ 9፦ ሁለት ቀን ተከታተሉ

መድኃኒቱ ትክክል ከሆነ ባብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ይለወጣል። ትኩሳቱ ይቀንሳል፣ ምግብ ይጠይቃል፣ ትንፋሹ ይረጋጋል። የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና አስተያዩ። ሳል ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ በሱ አትሸበሩ።

ቆዳው ቀልቶ ካበጠ የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አክብቡና ሰዓቱን ጻፉበት። ከሁለት ቀን በኋላ ቅላቱ መስመሩን እያለፈ ከሄደ ተመለሱ። ሕመሙ ከሚታየው ቅላት በላይ ከበረታ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ሁለት ቀን አትጠብቁ።

መድኃኒቱ ራሱ ሊያሳምም ይችላል። ቀለል ያለ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ከወሰዱ በኋላ ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም መላ ሰውነት ካሳከከ አቁሙና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ወይም ሌላ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቆዳ ከተላጠም እንዲሁ። የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ ሁለተኛ አይሰጣችሁም።

ከ48 ሰዓት በኋላ ለውጥ ከሌለ ሌላ ፋርማሲ ገብታችሁ «ጠንከር ያለ» አትጠይቁ። ወዳያችሁ ሐኪም ተመለሱ። ምናልባት መግል ተደብቋል፣ ምናልባት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ምናልባት ከመጀመሪያው ሌላ በሽታ ነበር። ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

የተረፈ ካፕሱል ለጎረቤት አይሰጥም፣ ለከብትም አይበጠበጥም። ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዲያስወግዱት ጠይቁ። የመውጫ ወረቀቱን፣ የካልቸር ውጤቱንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስም ግን ከጤና መድህን ደብተራችሁ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምታወጡት ያንን ነው።